ሰይፉ ሲሰበር የሚታየው

ሰይፍ ሊገዛ የሚያማክረኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ የብረቱን ቁጥር ነው፤ «1060 ይሻላል ወይስ 1095?» ይለኛል። የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች የካርቦኑን መጠን ይናገራሉ፤ 1060 ወደ 0.60 በመቶ፣ 1095 ወደ 0.95 በመቶ ካርቦን አለው። ካርቦን ሲበዛ ስለቱ ቶሎ አይዶለዱምም፤ ሰይፉ ግን ለመሰበር ይቀርባል። 5160 ደግሞ ክሮምየም የገባበት፣ የመኪና ባሌስትራ የሚሠራበት ብረት ነው። የአገራችን ቀጥቃጮች አሮጌ ባሌስትራ ፈልገው ቢላና ገጀራ የሚያወጡበት ያለ ምክንያት አይደለም።

ስፈትን በሞረድ እጀምራለሁ። ሞረዱ ከነከሰው ስለቱ ለስላሳ ነው፤ ካንሸራተተው ጠንክሯል። ከዚያ ደረቅ ቀርከሃና ጠንካራ እንጨት እቆርጥበታለሁ። ስለቱ ከተሸረፈ ጥንካሬው ከልክ አልፏል፤ ከተጣጠፈ አንሷል። ቀጥሎ ሞርሳ ላይ አስሬ አጎብጠዋለሁ። ደህና የተሠራ 5160 ስለቀው ተመልሶ ይቃናል።

በመጨረሻ እሰብረዋለሁ። ገንዘብ ያወጣሁበትን ሰይፍ መስበር ያሳዝነኛል፤ ነገር ግን የስብራቱን ገጽ ያህል የማምነው ምስክር የለኝም። በልኩ የጋለ ብረት ሲሰበር ውስጡ ግራጫ፣ እንደ ከፋይ የላመ ነው። እሳት የበዛበት እንደ ስኳር ፍሬ ያብለጨልጫል። አንድ ቀን ከሁለት ሠሪዎች የመጡ ሁለት የ1095 ሰይፎችን ጎን ለጎን ፈተንኩ። አንዱ ብዙ ጎብጦ፣ ብዙ ታግሎ ተሰበረ። ሌላው በመጀመሪያው ምት እንደ ብርጭቆ ለሁለት ሆነ፤ ውስጡም ስኳር ነበር። ቁጥራቸው አንድ ነው፤ የለያያቸው እሳቱ ነው።

ብረት 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ማግኔት አይስበውም። ጠንቃቃ ሠሪ ከዚያ ጥቂት አሳልፎ ዘይት ውስጥ ይነክረዋል። እዚህ ላይ ብረቱ እጅግ ጠንካራ፣ እጅግም ተሰባሪ ነው። ስለዚህ ከ200 እስከ 300 ዲግሪ ባለው ሙቀት መልሶ ያሞቀዋል፤ ጥንካሬው ትንሽ ይቀንሳል፣ ብረቱ ግን መታገሥን ይማራል። የችኮላ ሥራ የሚታወቀው እዚህ ነው፤ እኔም ከቁጥሩ አስበልጬ የምመዝነው ይህን ሁለተኛ ሙቀት ነው።

እጀታውንም ፈትቼ አያለሁ። ስለቱ እንከን ሳይኖረው፣ እጀታው ውስጥ የተበየደ ቀጭን ዘንግ ብቻ ያለው ሰይፍ አጋጥሞኛል። እንዲህ ያለው ሲወናጨፍ ተነቅሎ ሰው ላይ ሊያርፍ ይችላል።

እናንተም ለመቁረጫ ሰይፍ ስትገዙ፣ ከቁጥሩ በፊት ሠሪውን ሁለት ነገር ጠይቁት፦ ከነከርከው በኋላ በስንት ዲግሪ መልሰህ አሞቅኸው? እጀታው ውስጥ የገባውስ ብረት ምን ያህል ነው?