ማስታረቅና መፍረድ፤ በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ፍቺ በተደነገገው ላይ የቀረበ አስተያየት

በ1952 ዓ.ም. የታወጀውና ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ጋብቻ አፈጻጸም የደነገገው ለአገሩ ልማድ የተስማማ ነበር ለማለት ይቻላል። በክብር መዝገብ ሹም ፊት፥ በሃይማኖት ሥርዓት ወይም በአገር ልማድ የተፈጸመውን ጋብቻ ሁሉ ተቀብሎ እኩል ውጤት ሰጥቶታል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ግን መግቢያውን ሳይሆን መውጫውን ነው፤ ይኸውም ባልና ሚስት ሲለያዩ ሕጉ ሥልጣኑን ለማን እንደ ሰጠና ከዚህ የተነሣ ምን እንደ ተከተለ ነው።

በቁርባን የተጋቡ ሰዎች ማሰሪያቸው በቤተ ክርስቲያን ዘንድ የማይፈታ ነው። በሰማንያ የተጋቡት ግን ሲጣሉ ጉዳያቸው ወደ ሽማግሌዎች ይቀርባል። የሽማግሌ የመጀመሪያ ሥራ ማስታረቅ ነው፤ እርቅ እንቢ ካለ ሀብቱን ማካፈል ይሆናል። በጠቅላላው ልማድ እያንዳንዱ ይዞት የመጣውን ይወስዳል፥ አብረው ያፈሩትን ይካፈላሉ። ሽማግሌው የበደለኛውን ወገን ቢወቅስም ዋናው ጉዳዩ ሰዎቹ ሳይጋደሉ እንዲለያዩ ማድረግ ነው።

ሕጉን ያረቀቁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ሲሆኑ፥ ሕጉ ይህን ልማድ አልናቀውም። እንዲያውም የጋብቻው ምስክሮች የነበሩትን ሰዎች «የዘመድ ዳኞች» አድርጎ የፍቺውን ጥያቄ ለእነርሱ ሰጠ። ነገር ግን ስሙ ራሱ እንደሚያመለክተው ዘመድነትንና ዳኝነትን በአንድ ሰው ላይ አጣመረ። የዘመድ ዳኞቹ ለፍቺው ከባድ ምክንያት መኖሩንና ጥፋቱ የማን መሆኑን እንዲመረምሩ ታዘዙ። ከባድ ምክንያት ባይኖርም እንኳ በአንድ ዓመት ውስጥ ፍቺውን መወሰን ስለ ነበረባቸው፥ እውነተኛው ሥልጣናቸው ፍቺን በመከልከል ላይ አልነበረም። ሥልጣናቸው በንብረቱ ላይ ነበር፤ ጥፋተኛ የተባለውን ወገን ከጋራው ሀብት ድርሻውን በመቀነስ ለመቅጣት ይችሉ ነበርና።

የእኛ ነቀፌታ በዚህ ላይ ነው። ንብረት በጥፋት የሚከፈል ከሆነ ተጣሪው ሁሉ የባልንጀራውን ነውር ይዞ ይቀርባል። እርቅ ግን ነውርን በመሸፈን እንጂ በመዘርዘር አይገኝም። እንግዲህ ያው ሽማግሌ ጠዋት «ተዉ፥ ታረቁ» እያለ ከሰዓት በኋላ የጥፋት ማስረጃ ሊሰበስብ ነው። በተለይ የተጐዳችው ሚስት ነበረች። ሕጉ በቁጥር 635 ባልን የቤተ ሰቡ አለቃ ስላደረገው፥ የሀብቱ አስተዳደርም በአብዛኛው በእርሱ እጅ ስለ ነበረ፥ እርሷ በሽማግሌዎች ፊት የምትቆመው ሒሳቡን ሳታውቅ ነበር። ልማዱ ይሰጣት የነበረው ድርሻ አሁን በጠባይዋ ምስክርነት ላይ ተንጠለጠለ።

አንዳንድ ሰዎች ሽማግሌ ባልና ሚስቱን ከባዕድ ዳኛ ይልቅ ያውቃቸዋል፥ ለገጠር ሰውም ቅርብና ወጪ የማይጠይቅ ነው ይላሉ። ይህ እውነት ነው። ሆኖም ማወቅ ለአስታራቂ የሚጠቅመውን ያህል ዳኛን ያሰናክለዋል። የተከራካሪው ዘመድ የሆነ ዳኛ ከችሎት እንዲነሣ የሚደረገው ስለዚህ አይደለምን?

ከዚህ በኋላ በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ባልና ሚስት በጋብቻ ውስጥም ሆነ በፍቺ ጊዜ እኩል መብት እንዳላቸው አወጀ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፥ አዋጅ ቁጥር 213፥ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ሰጠ፤ ተጋቢዎቹ በስምምነት ወይም አንደኛው ብቻውን ፍቺ ለመጠየቅ ቻሉ፤ የጋራ ሀብትም በመሠረቱ እኩል እንዲከፈል ሆነ። ሽማግሌዎቹ በተጋቢዎቹ ምርጫ ለማስታረቅ ብቻ ይቀመጣሉ። ይህ ሽማግሌውን ማዋረድ ሳይሆን ወደ ጥንት ሥራው መመለስ ነው ብለን እናምናለን።

ቢሆንም አንድ ችግር ቀርቷል። ብዙ ሰዎች ዛሬም በሽማግሌ ፊት ተካፍለው ይለያያሉ እንጂ ወደ ፍርድ ቤት አይሄዱም። ከዓመታት በኋላ አንደኛው ሲሞት ወይም ቤት ሲሠራ «ሚስቱ ነኝ»፥ «ባሏ ነኝ» የሚል ክርክር ይነሣል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት በአንድ ወቅት፥ ለረጅም ዘመን ተለያይተው የኖሩ ተጋቢዎች የፍርድ ቤት ውሳኔ ባይኖርም ጋብቻቸው እንደ ፈረሰ ሊቈጠር ይችላል ሲል ወስኖ ነበር። ውሳኔው ለተቸገረው የሚራራ ነው፤ ነገር ግን ጋብቻው በየትኛው ቀን እንደ ፈረሰ፥ የትኛውም ሀብት የጋራ እንደ ሆነ መለየትን ያከብዳል።

ስለዚህ ሽማግሌዎች ያስማሙበትን መለያየት በአጭር ጊዜ ውስጥ በአቅራቢያው ላለው ፍርድ ቤት እንዲያስታውቁና ፍርድ ቤቱም ያለ ብዙ ወጪ መርምሮ እንዲያጸድቀው ቢደረግ መልካም ይመስለናል። ያን ጊዜ ሽማግሌው ያስታርቃል፥ ዳኛው ይፈርዳል፥ የተለያዩትም ሰዎች የሚያሳዩት ወረቀት ይኖራቸዋል።