ክር የበላው ወፍ

ጋምቤላ ክልል፣ ኢታንግ የሚገኘው የኩሌ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ የተከፈተው በ2006 ዓ.ም. ነው፤ የደቡብ ሱዳን ጦርነት በፈነዳ በወራት ውስጥ። አብዛኛው ነዋሪ ከዚያ የተሰደደ የኑዌር ተወላጅ ነው። የደቡብ ሱዳን ሴቶች ሚላያ የሚሉት ጥልፍ አንሶላ አላቸው፤ እኔን የሚያስቀናኝ ከስፌቱ ይልቅ ንድፉ ነው። መርፌ ሳይነካው መጀመሪያ ጨርቁ ላይ በእርሳስ ወይም በእስክሪብቶ ይሳላል፦ ወፍ፣ አበባ፣ የቅጠል ሐረግ። የወፉ ጭራ ከገላው ቢረዝም፣ አበባው ሐምራዊም ብርቱካናማም ቢሆን ማንም አይከለክልም። (የሥዕል መምህር ቢያገኘው በቀይ ያዥጎረጉረው ነበር።) ከዚያ ቀለም በቀለም በክር ይሞላል፣ ከጎረቤት ጋር እየተጫወቱ፤ የቡና ሰዓትም ያልፍበታል። አልጋ ላይ ይነጠፋል፣ ለሙሽራ ይሰጣል፣ ገንዘብ ሲቸግርም ይሸጣል። ዙሪያው በዳንቴል ከተከፈፈማ ዋጋውን አልከራከርም።