ባንዲራና ጎዳና

ሊዝበንን እ.ኤ.አ. በ1755 ርዕደ መሬት አፈራረሳት፤ ካርቱምን ግን ሁለት ጊዜ ያፈረሳት ጦርነት ነው። በጥር 1885 የማህዲ ሠራዊት ከተማይቱን ያዘ፤ መናገሻው ወደ ኦምዱርማን ተሻገረ፤ ካርቱምም ፍርስራሽ ሆነች። በ1898 ድል ያደረገው ኪችነር በፍርስራሹ ላይ አዲስ ጎዳናዎችን አስቀየሰ። ሰያፍ መንገዶቹ ሲቋረጡ የእንግሊዝን ባንዲራ ይመስላሉ እየተባለ እስከ ዛሬ ይተረካል።

ንድፉ ውበት የለውም ማለት አይቻልም። በጥቁር አባይ ዳር ያለው ጎዳና በዛፎቹ ጥላ ብዙዎችን አሳርፏል። ጉድለቱ ሌላ ነው፤ ባንዲራ የሚታየው ከላይ ሲሆን ከተማ የሚኖረው ግን ከታች ነው። ቤተ መንግሥቱና መሥሪያ ቤቶቹ ወንዙን ሲይዙ፣ ከተማይቱን በጉልበቱ ያቆመው ሠራተኛ ዴም በተባሉት ሰፈሮች ወደ ደቡብ ተገፋ። ከተማው ሲሰፋም በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1950ዎቹ መጀመሪያ እንደገና ተነሥቶ ይበልጥ ርቆ ሰፈረ። ኋላ ብዙ ኢትዮጵያውያን የተጠለሉበት ዴም የዚሁ መገፋት ውላጅ ነው።

በሊዝበን ፖምባል ጎዳናዎቹን ቀጥ ሲያደርግ ቤቶቹንም መንቀጥቀጥ እንዲቋቋሙ በእንጨት ማገር አስደግፏል፤ ንድፉ ከጥፋቱ ተምሯል። የኪችነር ንድፍ ግን ያስታወሰው ድሉን ብቻ ነው።

ሚያዝያ 2023 የተጀመረው ጦርነት ካርቱምን ዳግመኛ አፍርሷታል። የሚመጣው ንድፍ የሚመዘነው በወረቀት ላይ በሚያምረው መስመሩ ሳይሆን፣ ከዴም ውሃና ዳቦ ፍለጋ የሚወጣውን እግረኛ ወዴት በሚያደርሰው መንገድ ነው።