የተፈታ ጥያቄ ሁሉ የታከመ ሕመምተኛ ነውን?

የሎስ አንጀለስ ካውንቲ የጤና አገልግሎት መምሪያ በአብዛኛው የመክፈል አቅም የሌላቸውን ሕሙማን የሚያክም የመንግሥት ተቋም ነው። መምሪያው ከ2012 እ.ኤ.አ. አንስቶ የሪፈራል አሠራሩን ለውጧል። የመጀመሪያ ደረጃ ሐኪሙ ሕመምተኛውን ከመላኩ በፊት ጥያቄውን ከምርመራ ውጤቶች ጋር በኤሌክትሮኒክ መንገድ ለስፔሻሊስቱ ያቀርባል። ስፔሻሊስቱም ምክር ይሰጣል፣ ተጨማሪ ምርመራ ይጠይቃል ወይም ቀጠሮ እንዲያዝ ይፈቅዳል። ተመሳሳይ አሠራር በሳን ፍራንሲስኮ አጠቃላይ ሆስፒታል የጨጓራና አንጀት ክሊኒክ በ2005 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ ነበር።

በ2017 እ.ኤ.አ. «ሄልዝ አፌርስ» በተባለው መጽሔት የወጣው ጥናት የሎስ አንጀለሱን ውጤት ዘርዝሯል። እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ከ3,000 በላይ የመጀመሪያ ደረጃ ባለሙያዎች በአሠራሩ ይጠቀሙ ነበር፤ በወርም 12,082 ምክክሮች ይካሄዱ ነበር። ግማሽ ያህሉ ጥያቄዎች በአንድ ቀን ውስጥ ምላሽ አግኝተዋል፤ 25 በመቶዎቹ ሕመምተኛው ስፔሻሊስት ዘንድ ሳይቀርብ ተፈትተዋል። የቀጠሮ ወረፋም አጥሯል።

ይህ ቀላል ውጤት አይደለም። ለድሃ ሕመምተኛ አንድ አላስፈላጊ ቀጠሮ ማለት የትራንስፖርት ወጪና የአንድ ቀን ገቢ ማጣት ነው። ይሁን እንጂ «ተፈትቷል» የሚለው ቃል ጥንቃቄ ይሻል። የተፈታው የሐኪሙ ጥያቄ ነው። ለምሳሌ ሥር የሰደደ የጨጓራ ሕመም ላለበት ሰው ስፔሻሊስቱ የኤች ፓይሎሪ ምርመራና እንደ ውጤቱ ሕክምና ቢያዝ መዝገቡ በዚያው ሊዘጋ ይችላል። ሕመምተኛው ምርመራውን ማድረጉን፣ መድኃኒቱን ገዝቶ መጨረሱንና መዳኑን ግን ከላይ የተጠቀሱት አኃዞች አይነግሩንም። ወረፋው ያጠረው ሕሙማን በመታከማቸው ይሁን ከመዝገብ በመውጣታቸው ብቻ ከአኃዞቹ መለየት አይቻልም።

ሁለተኛው ነጥብ የሥራ ክፍፍልን ይመለከታል። ታሪኩን አጠናቅሮ የሚጽፈው፣ የታዘዘውን ምርመራ የሚያስፈጽመው፣ ውጤቱንም ለሕመምተኛው የሚያስረዳው የመጀመሪያ ደረጃ ባለሙያው ነው። ለዚህ ተግባር ጊዜ ካልተመደበለት ወረፋው ከስፔሻሊስቱ በር ወደ ጤና ጣቢያው በር ተዛወረ እንጂ አልቀረም።

በአገራችን የሪፈራል ወረቀት ይዞ ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል የሄደ ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ የጽሑፍ ምላሽ ሳይዝ እንደሚመለስ የጤና ባለሙያ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ከሎስ አንጀለስ በመጀመሪያ ሊቀዳ የሚገባው ኮምፒዩተሩ ሳይሆን ስፔሻሊስቱ ለእያንዳንዱ ጥያቄ በጽሑፍ መልስ የመስጠት ግዴታው ነው። ይህ በስልክ መልእክትም ሊጀመር ይችላል። መለኪያው ግን ከጅምሩ መስተካከል አለበት፤ ምክሩ ከተሰጠ ከሦስት ወር በኋላ ሕመምተኛው የታዘዘለትን አግኝቷል ወይ ተብሎ ይጠየቅ። ይህ ጥያቄ ካልተመለሰ የምላሽ ፍጥነት ብቻውን የአገልግሎት ተደራሽነት ማስረጃ ሊሆን አይችልም።