ፓሌርሞ፦ ከሐውልቶቿ ይልቅ ጉራንጉሮቿ

ውድ አንባቢ፣ ስለ ሲሲሊ ደሴት በእኛ ሙስሊሞች ዘንድ የሚጻፉ መጣጥፎችን አልፎ አልፎ ሳያነቡ አልቀሩም። አብዛኞቹ በአንድ ቅኝት የተቃኙ ናቸው። ሙስሊሞች ፓሌርሞን በ831 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት፣ ሒጅራ ካልተባለ በቀር፣ እ.ኤ.አ. ናቸው) እንደያዙ፣ ከተማይቱ በመስጂድ እንደተሞላች፣ እርሻውና ዕውቀቱ እንዳበበ ይዘረዝሩና በ1072 ኖርማኖች ሲገቡ በረጅም «እህ!» ይዘጋሉ። በሌላ ወገን ለአገር ጎብኚ የሚታደለው ወረቀት አለ። እርሱ ሐዘን የሚባል አያውቅም፤ አረቡና ኖርማኑ፣ ግሪኩና ላቲኑ ተቃቅፈው የኖሩባት የፍቅር ከተማ ትመጣለች። ሁለቱም አነባበቦች የጎደላቸው ነገር አለ። የጎደለውን ለማየት ደግሞ ከቤተ መንግሥቱና ከካቴድራሉ ወጥቶ በጓሮ በኩል መግባት ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ ግን ለሐውልቶቹ የሚገባቸውን እንስጥ። ዩኔስኮ በ2015 «አረብ-ኖርማን» በሚል ስያሜ ዘጠኝ ሕንፃዎችን በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። ሰባቱ ፓሌርሞ ውስጥ ሲሆኑ የቀሩት የቼፋሉና የሞንሬያሌ ካቴድራሎች ናቸው። ስያሜውን ልብ ይበሉ፤ «አረብ» ከፊት ቀድሟል። ዝርዝሩን ሲመለከቱ ግን ዘጠኙም በኖርማኖች ዘመን የታነጹ ናቸው። ሙስሊሞቹ በገዙባቸው ከ240 በላይ ዓመታት የተሠራ አንድ መስጂድ እንኳ በመካከላቸው የለም። «አረብ» የተባለው እንግዲህ የባለቤቱ ስም አይደለም፤ የሠራተኛው እጅ ነው።

ያ እጅ ግን ምን ዓይነት እጅ ነው! በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ያለውን የጸሎት ቤት ጣሪያ ቀና ብሎ የተመለከተ ሰው፣ በ1140ዎቹ የተሠራውን ያን እንደ ማር እንጀራ የተሰካካ የእንጨት ሥራና በዳርና ዳሩ የሚሄደውን የኩፊ ጽሕፈት አይቶ አለመደነቅ ይከብደዋል። የንጉሥ ሮጀር 2ኛ የክብር ካባ በ528 ዓመተ ሒጅራ በፓሌርሞ ተሠርቶ በአረብኛ የተጻፈበት ነው፤ ዛሬ ቪየና ይገኛል። አል-ኢድሪሲ ታላቁን የጂኦግራፊ መጽሐፉን በ1154 የጨረሰው ለዚሁ ንጉሥ ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ንጉሥ ጎበዝ ባለሙያ ማሠራቱና የባለሙያው ልጆች በሰላም ማደራቸው ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ወረቀቱ ሁለቱን አንድ አድርጎ ይሸጥልናል።

ካቴድራሉ በር ላይ ደግሞ ለእኛ ወገን የሚሆን ትምህርት አለ። በደቡቡ መግቢያ በስተግራ ካሉት ዓምዶች በአንዱ ላይ ከሱረቱል አዕራፍ የተወሰደ አንቀጽ ተቀርጿል። ሙስሊም ጎብኚ ሁሉ እዚያ ቆሞ ፎቶግራፍ ይነሳል፤ ስፍራው ቀድሞ ታላቁ መስጂድ የነበረበት ነውና ልቡ ይነካል። የሚነካው ተገቢ ነው። ሆኖም ከመስጂዱ በፊት በዚያው ቦታ ቤተ ክርስቲያን እንደነበረ ለልጆቹ የሚነግር አባት ስንት ይሆን?

አሁን ከዚያ ይውጡና ካሳሮ በሚባለው ጎዳና ቁልቁል ወደ ባሕሩ ይሂዱ። ካሳሮ ማለት «አል-ቀስር» ነው፤ ቤተ መንግሥቱ። ዛሬ በካርታ ላይ የንጉሥ ቪቶሪዮ ኤማኑኤሌ ስም ቢጻፍበትም የአገሬው ሰው አልተወውም። መሃል ላይ ኳትሮ ካንቲ የተባለውን ባለ አራት ማዕዘን አደባባይ ያገኛሉ። ካሳሮን አቋርጦ የሚያልፈው ማኬዳ ጎዳና በ1600 ገደማ የስፔን እንደራሴ በአሮጌው ከተማ ላይ እንደ ቢላ ያሳለፈው ነው። ፊትዎን ወደ ባሕር ካደረጉ በስተቀኝ ከፊትዎ ካልሳ፣ በስተግራ ቩቺሪያ፤ ከኋላዎ ደግሞ በአንዱ ወገን ባላሮ፣ በሌላው ካፖ አለ። ከሁለቱ ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች በየትኛውም በኩል ሃምሳ እርምጃ ቢገቡ ቀጥታው ያበቃል።

ጉራንጉሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። መንገዱ ይጠባል፣ ይታጠፋል፣ ከላይ የተሰጣ ልብስ ሰማዩን ይሸፍነዋል፤ ከዚያ መንገድ የመሰለዎት ነገር በሰው ደጃፍ ላይ ያበቃል። ይህ የቀያሽ ስሕተት አይደለም። በፊቅህ መጻሕፍት ዘንድ መውጫ የሌለው መንገድ በውስጡ የሚኖሩት ሰዎች የጋራ ንብረት ነው፤ ጎረቤቶቹ ሳይፈቅዱ አንዱ ተነሥቶ አዲስ በር ሊያወጣበት አይችልም። እንዲህ ባለ ሕግ የሚተዳደር ከተማ ከላይ በማስመሪያ አይሠራም፤ ከቤት ወደ ቤት፣ ከዘመድ ወደ ዘመድ እየተቀጠለ ይበቅላል። የዛሬዎቹ ቤቶች ብዙ ጊዜ ፈርሰው ተሠርተዋል፤ መታጠፊያው ሁሉ ከዚያ ዘመን ቀረ ማለትም አይቻልም። የአኗኗሩ ዱካ ግን ይታያል።

ስሞቹም አሉ። ካልሳ በ937 ፋጢሚዮች የሠሯት «አል-ኻሊሳ» ናት፤ የአስተዳዳሪው መቀመጫ። ላታሪኒ የሚባለው ገበያ የሽቶና የቅመም ነጋዴዎች ሱቅ፣ የ«አጣሪን» ገበያ ነበር። ቩቺሪያ ግን በዚህ አይደለችም፤ ስሟ ሥጋ ቤት ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው። ሁሉን ነገር አረብ የማድረግ ሱስ ያለባቸው ጸሐፊዎች ይህችን መዝለል ይወዳሉ። (የጣሊያን ገበያዎች የአረብኛ ስም ሲሸከሙ፣ የእኛ ትልቁ ገበያ ደግሞ «መርካቶ» የሚል የጣሊያንኛ ስም መሸከሙ! ወራሪ ይሄዳል፣ የገበያ ስም ይቀራል።)

ከካቴድራሉ በስተጀርባ ወደ ፓፒሬቶ ሲወርዱ መሬቱ ለምን እንደሚጎደጉድ ይጠይቁ ይሆናል። ከእግርዎ በታች ወንዝ አለ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ተደፍኖ ከመሬት በታች የገባ፣ ስሙን ከፓፒረስ ተክል ያገኘ ወንዝ ነው። በ973 ከተማዋን ያያት መንገደኛው ኢብን ሐውቀል በፓሌርሞ ፓፒረስ ሲበቅል አይቶ፣ አብዛኛው ለመርከብ ገመድ እንደሚፈተልና ጥቂቱ ለገዥው ወረቀት እንደሚሆን ጽፏል። የውኃ ቃላቱም በሲሲሊ ገበሬ አፍ ቀርተዋል፤ ማጠራቀሚያ ገንዳውን «ጀብያ»፣ የብርቱካኑን አበባ «ዛጋራ»፣ ሰሊጡን «ጁጁለና» ይለዋል፤ ሦስቱም ከአረብኛ ናቸው።

ኢብን ሐውቀል ከተነሣ አይቀር በእርሱ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የእኛን ናፍቆት የሚያርመው እርሱ ነውና። በከተማዋ ከ300 በላይ መስጂዶች እንዳሉ የጻፈው እርሱ ነው። ይህን ቁጥር ጸሐፊዎቻችን ሁሉ ይጠቅሱታል። ቀጥሎ ያለውን ግን ማንም አይጠቅሰውም! ሰውየው በአንድ ቀስት ርቀት ውስጥ አሥር ያህል መስጂዶች ተፋጥጠው ሲያይ ተደንቆ ምክንያቱን ይጠይቃል። የተሰጠው መልስ፣ እያንዳንዱ ባለጸጋ ከመኩራራቱ የተነሣ የራሱ ብቻ የሆነ መስጂድ ስለሚፈልግ ነው የሚል ነበር። አንዱማ ከራሱ መስጂድ በ20 እርምጃ ያህል ርቀት ለልጁ ሌላ ሠርቶለታል። አስተማሪው እንደ አሸን የፈላው ደግሞ አስተማሪ የሆነ ከዘመቻ ነፃ ስለሚሆን ነው ይላል። ሕዝቡ ጠዋት ማታ ጥሬ ሽንኩርት ከመብላቱ የተነሣ አእምሮው ደንዝዟል እስከ ማለትም ደርሷል። በሽንኩርቱ ላይ አልስማማም፤ ጸሐፊው የከተማዋን ሰዎች እንዳልወደዳቸው ከእያንዳንዱ መስመር ይታወቃል። በመስጂዶቹ ላይ ግን ምስክርነቱ ከባድ ነው። ከተማዋ ለኖርማኖች የተሰጠችው ይህ ከተጻፈ መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ሲሆን፣ በዚያ ጊዜ የደሴቲቱ መሪዎች እርስ በርሳቸው ሲዋጉ ኖረዋል፤ ኖርማኖቹን ለእርዳታ የጠራውም ከእነርሱ አንዱ ነበር።

የወረቀቱን የፍቅር ከተማ የሚያርመው ደግሞ ኢብን ጁበይር ነው። ከሐጅ ሲመለስ መርከቡ ተሰብሮበት የ1184ን መጨረሻና የ1185ን መጀመሪያ በሲሲሊ አሳለፈ። ፓሌርሞን ቆርዶባን ትመስላለች ብሎ አደነቃት። ሙስሊሞቹ በራሳቸው ሰፈር እንደሚኖሩ፣ አዛን እንደሚሰማ፣ ቃዲ እንዳላቸው፣ ኹጥባ ግን ስለተከለከለ ጁሙዓ እንደሌላቸው፣ ኹጥባ የሚያደርጉት በዒድ ብቻ እንደሆነ መዝግቧል። በገና ቀን ክርስቲያን ሴቶች እንደ ሙስሊም ሴቶች ለብሰውና ተሸፋፍነው መውጣታቸውን በመገረም ጽፏል። ይህንን ወረቀቱ ይወደዋል። በትራፓኒ ወደብ ያየውን ግን አያነሳውም። አንድ የተከበረ ሰው ልጁን ወደ ሐጃጆቹ ይልካል። መልእክቱ፣ ለአቅመ ሔዋን የተቃረበች ሴት ልጅ አለችኝ፤ ከእናንተ አንዱ ቢፈልግ ያግባት፣ ባይፈልግ ለመረጠው ሰው ይዳራት፤ ብቻ ከዚህ አገር ይዛችኋት ሂዱ የሚል ነበር። ልጅቷም ከአባቷና ከወንድሞቿ መለየቱን ፈቅዳለች። ወላጅ የሆናችሁ አንባቢያን፣ ይህ ሰው ምን ቢያይ ነው? ረኃብ አልነበረበትም፤ ሀብታም ነበር። የልጁ ሃይማኖት በእርሱ ዕድሜ ካልሆነም በልጅ ልጆቹ ዘመን እንደሚነጠቅ አስልቶ ነው። ስሌቱም አልሳተም። ከአምስት ዓመት በኋላ የፓሌርሞ ሙስሊሞች ጥቃት ደርሶባቸው ወደ ተራራ ሸሹ። ከ1220ዎቹ ጀምሮ ንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ 2ኛ የቀሩትን ከደሴቲቱ ነቅሎ በዋናው ጣሊያን ወደምትገኘው ሉቼራ አጋዛቸው፤ ሉቼራም በ1300 ፈረሰች፣ ነዋሪዎቿም ተሸጡ።

የዛሬው ጉራንጉር ደግሞ ሌላ ምዕራፍ ነው። በ1943 የሕብረቱ አገሮች ቦምብ ካልሳንና ሌሎቹን ሰፈሮች አፈራርሷል፤ ከጦርነቱ በኋላም ባለሥልጣንና ማፊያ ተመሳጥረው ገንዘቡን ከከተማ ውጭ በሚሠራ ፎቅ ላይ ሲያፈስሱ አሮጌው ከተማ ለአሥርተ ዓመታት ፍርስራሽ ሆኖ ቆየ። ሰው እየለቀቀ በሄደባቸው ቤቶች ውስጥ ከቱኒዚያ፣ ከባንግላዴሽ፣ ከጋና የመጡ ስደተኞች ገቡ። በባላሮ ገበያ የሲሲሊው አትክልት ሻጭ እንደ ዜማ አድርጎ ሲጮህ (ይህን ጩኸት «አባንያታ» ይሉታል) አጠገቡ ቤንጋሊኛ ይሰማሉ። ከሽምብራ ዱቄት የሚጠበሰውን «ፓኔሌ» ቢቀምሱ መልካም ነው፤ በዳቦ የሚሸጠውን የጣፊያ ጥብስ ግን ይለፉት፣ በአሳማ ስብ ነው የሚጠበሰው። ከ1990 ገደማ ጀምሮ አገልግሎቱን የተወ አንድ ቤተ ክርስቲያን ለቱኒዚያውያን ተሰጥቶ መስጂድ ሆኗል፤ በቀድሞው የአይሁድ ሰፈርም የመንገድ ስሞች በጣሊያንኛ፣ በዕብራይስጥና በአረብኛ ተጽፈዋል። የመንገዱ ሰሌዳ ለጎብኚ ዓይን የተሰቀለ ነው ብል ብዙ አልተሳሳትኩም፤ አረብኛው የተጻፈላቸው የቀድሞ ነዋሪዎች የሉምና።

በማኬዳ ጎዳና ላይ ስላሉት ሱቆች ግን እንዲህ ማለት አይቻልም። ማፊያው ለብዙ ዘመን ከባለሱቅ ሁሉ «ፒዞ» የሚሉትን ግብር ሲሰበስብ፣ የአገሬው ሰው በአብዛኛው ዝም ብሎ ከፍሏል። በ2016 በዚያ ጎዳና የሚነግዱ ባለሱቆች፣ አብዛኞቹ ከባንግላዴሽ የመጡ፣ ተባብረው ለፖሊስ አመለከቱ፤ አሥር ሰዎችም ተያዙ።  ወደ ፓሌርሞ የሚሄድ ሰው ካለ፣ ከካቴድራሉ ዓምድ መልስ አሥር ደቂቃ ያህል በእግር ቢሄድ ከዚያ ጎዳና ይደርሳል።