ቬኒሳዊው ሠዓሊ መርቆሬዎስና «የተጽዕኖ» ነገር

የኢጣልያን የሬኔሳንስ ሥነ ጥበብ የሚያትቱ መጻሕፍት በአመዛኙ ጆርጆ ቫዛሪ እ.ኤ.አ. በ1550 ባሳተመው፣ በ1568 ደግሞ አስፋፍቶ ባወጣው የሠዓልያን የሕይወት ታሪክ ጥላ ሥር የተጻፉ ናቸው። ቫዛሪ ለፍሎሬንስ ሰዎች ሰፊውን ገጽ ሰጠ፤ ከታላላቆቹ ከተሞች ርቀው የሠሩትን ግን ወይ በአጭሩ አለፋቸው ወይ ዘነጋቸው። ለዚህ ካርሎ ክሪቬሊ ዐይነተኛ ምሳሌ ነው። ከቬኒስ ወጥቶ ከሥራ ዘመኑ አብዛኛውን በማርኬ አውራጃ ያሳለፈው ይህ ሠዓሊ በቫዛሪ መጽሐፍ ውስጥ የራሱ ምዕራፍ የለውም፤ እርሱ ግን በሥዕሎቹ ላይ «ቬኒሳዊ» እያለ መፈረሙን አልተወም።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ሌላ ቬኒሳዊ ከክሪቬሊ እጅግ ርቆ ሄዷል። ኒኮሎ ብራንካሌዮን እ.ኤ.አ. በ1480 ገደማ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። ፍራንቼስኮ ሱሪያኖ የተባለው ፍራንሲስካዊ መነኩሴ በዚያ ዘመን በንጉሡ ግቢ ከነበሩት ኢጣልያውያን አንዱ አድርጎ ስሙን መዝግቦታል። ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው የፖርቱጋል መልእክተኞች ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም በአገሬው ዘንድ መርቆሬዎስ ይባል እንደ ነበረ፣ ሙያው ሥዕል ይሁን እንጂ እንደ ታላቅ ጌታ ይከበር እንደ ነበረ ጽፏል። እንግዲህ ሰውየው በአፄ እስክንድር፣ በአፄ ናዖድና በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን የኖረ ነው። በጎጃም በጌቴሴማኒ ማርያም የሚገኙት ስሙን የያዙ ሥዕሎች የእጁን ጠባይ ለመለየት መሠረት ሆነዋል።

ስለዚህ ሠዓሊ የተባለውን ስንመረምር ሁለት አዝማሚያዎች እናገኛለን። የመጀመሪያው፣ ከአውሮጳ የመጣ ሠዓሊ ባዶ ስፍራ ላይ ብርሃን እንዳበራ አድርጎ የኢትዮጵያን የእመቤታችን ሥዕል ታሪክ ከእርሱ የሚጀምር ነው። ሁለተኛው፣ ይህን ለመመከት ሲል የውጭውን ሠዓሊ ከታሪካችን ለማውጣት የሚሞክር ነው። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ከአንድ ስሕተት ይነሣሉ፤ ሥዕሉን ያሠራውንና በፊቱ የጸለየውን ሕዝብ ከቁጥር አያስገቡም።

ለመጀመሪያው አዝማሚያ መልሱ በጣና ይገኛል። በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ያለችው የእመቤታችን ሥዕል በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ ማለትም ከ1434 እስከ 1468 ባለው ጊዜ፣ በሠዓሊው በፍሬ ጽዮን መሣሏን ጽሕፈቷ ይመሰክራል። ብራንካሌዮን ሲመጣ እንግዲህ በገበታ ላይ የተሣለች እመቤት ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አልነበረችም። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ የእመቤታችንን በዓላት አበዛ፤ ተአምረ ማርያም በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብም ሥርዐት አቆመ። ሥዕሉን የጠራው ሥርዐተ ጸሎቱ ነው። ማሪሊን ሄልድማን እ.ኤ.አ. በ1994 ስለ ፍሬ ጽዮን ባሳተሙት መጽሐፍ ሥዕሉን ከአሠሪዎቹና ከዘመኑ መንፈሳዊ ሕይወት ጋር አያይዘው መመርመራቸው ለዚህ ጥናት ትልቅ እርምጃ ነው።

የብራንካሌዮንን ሥራ በቬኒስ ሚዛን ብንመዝነው ቀላል ሆኖ ይገኛል። በዚያው ዘመን ጆቫኒ ቤሊኒ ብርሃንን፣ ሰማይንና ምድርን ከቅዱሳኑ ጋር አዋሕዶ ይሥል ነበር። በብራንካሌዮን ገበታ ላይ ይህ የለም። በምትኩ የእመቤታችን ፊት በለሰለሰ ጥላ ይታያል፤ ልብሷ በእጥፋት ይወርዳል፤ በግራና በቀኝ ግን ሚካኤልና ገብርኤል እንደ አገሩ ልማድ ይቆማሉ። ይህን የችሎታ ማነስ ብቻ አድርጎ መተርጐም አይበቃም። ሠዓሊው የሠራው ለሌላ ዐይን ነው፤ ያ ዐይን ከሥዕል የሚፈልገው ቅዱሱን ፊት ለፊት ማግኘትን ነው። በቬኒስ ቢቀር ምናልባት ከብዙዎቹ የገበታ ሠዓልያን አንዱ ሆኖ ይረሳ የነበረው ሰው፣ በጎጃም የሚፈለግ መምህር የሆነው ከዚህ ዐይን ጋር በመስማማቱ ነው።

ስምምነቱ ግን ያለ ክርክር የመጣ አይመስልም። ጄምስ ብሩስ እንዳወራው፣ ሠዓሊው በአትሮንሰ ማርያም ሕፃኑን በእናቱ ግራ ክንድ ላይ አድርጎ ስለ ሣለ ሕዝቡ ግራ የውርደት ወገን ነው ብሎ ተቈጣ። ብሩስ ነገሩን በአፄ በእደ ማርያም ዘመን ያደርገዋል፤ ንጉሡ ግን የሞተው በ1478 ስለ ሆነ የዘመኑ ቈጠራ ያጠራጥራል። ታሪኩ እንዳለ ባይታመንም ሕዝቡ ሥዕልን ዝም ብሎ ይቀበል እንዳልነበረ የሚያሳይ ትዝታ ይዟል። የሚያስገርመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ኢየሱሳውያን ያስፋፉት የሮሜ ሳንታ ማርያ ማጆሬ ሥዕል ሕፃኑን በግራ ክንድ የያዘች ነች። ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን ካባረረ በኋላም ይህች ሥዕል በአገሪቱ ሠዓልያን እጅ በዝታ፣ ዛሬ ማንም ባዕድ ናት የማይላት ሆናለች። ሃይማኖቱን ያልተቀበለ ሕዝብ ሥዕሉን መርጦ ወሰደ። «ተጽዕኖ» የሚለው ቃል ይህን መምረጥ ይሸፍነዋል፤ የሚሰጠውን ብርቱ፣ የሚቀበለውን ደካማ ያደርጋልና።

በ1529 በሽምብራ ኩሬ ከሆነው ውጊያ በኋላ በተከተሉት ዓመታት ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ስለ ተቃጠሉ፣ የሠዓሊውን ሥራ በሙሉ ለመመዘን አንችልም። የተረፈውን ግን በሁለቱም ቋንቋ ማንበብ ይገባናል። የኢጣልያን ሥነ ጥበብ የሚያጠኑ ሰዎች ግእዙን፣ የእኛን የሚያጠኑ ደግሞ የቬኒስን የሥዕል ቤቶች አሠራር ካላወቁ፣ መርቆሬዎስ በሁለቱም ታሪክ ዳር ላይ ቆሞ ይቀራል።

ከዚህ የሚበልጥ ምክንያትም አለን። በዚያ ዘመን ወደ አገራችን የገባ የውጭ ሰው በቀላሉ አይሸኝም ነበር፤ ፖርቱጋላዊው ፔሮ ዳ ኮቪልያ እንዳይወጣ ተከልክሎ እዚያው አርጅቷል። ብራንካሌዮን ከአርባ ዓመት በላይ በሰው አገር ሲኖር ሙያውን አልጣለም፤ የኖረበትን ሕዝብ ዐይንም አልናቀም። በባዕድ አገር ተቀምጠን የአገራችንን ታሪክ ለምንጽፍ ለእኛ፣ የእርሱ ገበታ ከአንድ የሥዕል ስልት የበለጠ የሚናገረው አለው።