ከጠፈጠፉ ሥር

ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ፣ ሰው ቤቱ ውሃ እንደገባበት ሲጠረጥር መጀመሪያ ቀና ብሎ ቆርቆሮውን ያያል። እኔንም ብዙ ጊዜ የሚያስጠሩኝ ለጣራ ነው። መሰላል ከማስመጣቴ በፊት ግን ቤቱን በውጭ በኩል እዞረዋለሁ፤ የማየውም የግድግዳውን እግር ነው። የጭቃ ቤትን የሚጥለው ከላይ ከሚንጠባጠበው ይልቅ ከታች የሚጠጣው ውሃ ነውና።

ሒሳቡን እንሥራው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ነው። 8 በ5 ሜትር በሆነ ጣራ ላይ በሐምሌ አንድ ከሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 1,200 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 60 ጊዜ ይሞላል። አሸንዳ ከሌለ ግማሹ በደጅ፣ ግማሹ በጓሮ በኩል ሁልጊዜ በአንድ መስመር ላይ ይወርዳል። የሣር ክዳን ዝናቡን አዘግይቶ፣ ከግድግዳውም አርቆ ይጥለው ነበር። ቆርቆሮ ዋጋው ስለሚከብድ ግን ጠርዙን አሳጥረን እንመታዋለን። ከዚያ ጠፈጠፉ ግድግዳው ሥር ቦይ ይቆፍራል፤ ቀዩን አፈር እየረጨም ምርጊቱን እስከ ጉልበት ያለብሰዋል። ያ የርጭት መስመር ለእኔ የመጀመሪያው ምልክት ነው። ጎልቶ በሚታይበት በኩል ውስጡንም አያለሁ።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሁሉ ነገር ስለሚርስ ምንም አይለይም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ግድግዳው ሁሉ ደርቆ አንዱ ቦታ ብቻ ጠቁሮ ከቀረ ግን እዚያ ውሃ አለ። ችግሩ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ብለን፣ ግድግዳው ገና ውሃ እንዳዘለ ኖራ ወይም ቀለም መቀባታችን ነው። በበጋ ቤት የምትገዙ ወይም የምትከራዩ፣ ከግድግዳው ሥር ብቻ አዲስ የተቀባ ካያችሁ ለምን እንደሆነ ጠይቁ። ወለሉ ላይ የተነጠፈውን ላስቲክም በግድግዳው ጥግ ገለጥ አድርጉት። የእበት ወለል ሲርስ ጠቆር ብሎ ራሱን ያሳያል፤ ላስቲኩ ግን ይሸፍነዋል። ከተቻለም ጠዋት በሩ እንደተከፈተ፣ ቡና ሳይቆላና እጣን ሳይጨስ ግቡ። የታፈነ የእርጥበት ሽታ የሚለየው በዚያ ሰዓት ነው።

ቡሬ ውስጥ አንዲት እማሆይ፣ «ልጄ፣ ቆርቆሮው አርጅቷል መሰል፣ ጎህ ሲቀድ ላዬ ላይ ይንጠባጠባል» ብለው አስጠሩኝ። ወሩ ታኅሣሥ ነበር፤ ዝናብ ከቆመ ሰንብቷል። በብርድ ሌሊት ቆርቆሮው ሲቀዘቅዝ የቤቱ እንፋሎት ከሥሩ ጤዛ ሆኖ ይወርዳል እንጂ ጣራው አላፈሰሰም። «እማሆይ፣ ቆርቆሮዎ ደህና ነው። እርጥበቱ ከየት እንደሚመጣ ግን እንፈልግ» አልኳቸው። የበቆሎ ጆንያዎች ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል። የታችኛውን ስናነሳው ጀርባው ሻግቷል፤ ከኋላው ያለው ምርጊት በጣት ሲጫኑት ይሰምጣል። ምርጊቱን ፈቅፍቄ የቋሚውን እግር በወስፌ ወጋሁት። ከወለሉ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ባሕር ዛፉ አልበገር አለ፤ ወለሉ አጠገብ ግን ወስፌው እስከ እጀታው ገባ። የምስጥ የጭቃ መንገድም በቋሚው ጀርባ ወደ ላይ ጀምሯል። ምስጥ እርጥብ እንጨት ይወዳል፤ መንገዱን ሰብሬ ከጥቂት ቀን በኋላ ተጠግኖ ካገኘሁት እንዳለ አውቃለሁ። የሻገተውን በቆሎ ለሰውም ለከብትም እንዳይሰጡ አጥብቄ ነገርኳቸው፤ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ በመቀቀልም በመጋገርም አይጠፋም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ሲሚንቶ ነው። ከተማ ውስጥ የጭቃ ቤት ግድግዳ በሲሚንቶ ሲለሰን ሁሉም ቤቱ ጠነከረ ይላል። ጭቃ የጠጣውን ውሃ መልሶ ለአየር ይሰጣል፤ ሲሚንቶ ይህን መተንፈሻ ይዘጋበታል። ከመሬት የወጣው እርጥበት ከልስኑ ጀርባ ታፍኖ ማገሩንና ቋሚውን ሲያበሰብስ ፊቱ አምሮ ይቆያል። በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ፣ ራንቾስ ዴ ታኦስ የሚገኘው የሳን ፍራንሲስኮ ደ አሲስ የጭቃ ጡብ ቤተ ክርስቲያን በፈረንጆች 1967 በሲሚንቶ ተለስኖ ነበር። ከልስኑ ጀርባ ጡቡ በውሃ መጎዳቱ ሲታወቅ በ1979 ሲሚንቶው ተነቅሎ ወደ ጭቃ ምርጊቱ ተመለሰ። ዛሬም ምእመናኑ ራሳቸው እየወጡ ይመርጉታል። እኛ ዘንድ እናቶቻችን ከክረምት በኋላ ሲያደርጉት የኖሩት ሥራ ነው።

በሲሚንቶ የተለሰነ ቤት ስገባ ግድግዳውን በጣቴ አንጓ ከላይ ወደ ታች እያንኳኳሁ እወርዳለሁ። ከላይ ድፍን የነበረው ድምፅ ከወለሉ አጠገብ ባዶ ከሆነ ልስኑ ከጭቃው ለቋል ማለት ነው። በእጅ ሲያብሱት የሚረግፍ ነጭ ዱቄት ካለም ውሃው ከአፈር ያመጣው ጨው ነው። ካጠራጠረኝ ነጭ ላስቲክ በግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፌ አሳድረዋለሁ። ጠዋት ጠብታው ከላስቲኩ ኋላ ከሆነ እርጥበቱ ከግድግዳው ነው፤ በፊት ለፊቱ ከሆነ ከቤቱ አየር ነው።

በርም ይናገራል። በክረምት እንጨቱ ስለሚያብጥ በር ቢከብድ አያስደነግጥም። ጥር ገብቶም ወለሉን እየፈገፈገ ከተከፈተ ግን መቃኑ የቆመበት እግር ሰጥሟል። ዋልካ አፈር ላይ የቆመ ቤት ግን በየወቅቱ ስለሚሰነጠቅና ስለሚገጥም፣ ስንጥቁ ጫፍ ላይ በእርሳስ ቀን ጽፎ ዓመት መጠበቅ ይሻላል።

የእማሆይን ቤት ያራሰው የጎረቤታቸው ጣራ ነበር። ሁለቱ ቤቶች ተጠጋግተው ስለተሠሩ የዚያኛው ጠፈጠፍ የእሳቸው ግድግዳ ሥር ያርፋል። ጎረቤትየው መጥቶ ቋሚውን በዓይኑ ካየ በኋላ ክርክር አላስፈለገም፤ የአሸንዳውን ዋጋ ተካፈሉ፣ ውሃውም በርሜል እንዲገባ ተደረገ። ሰኔ ሳይገባ ቤቱን በባላ ደግፌ የበሰበሱትን ቋሚዎች እግር ቆርጬ ጣልኩ፤ የቀረውን ከመሬት ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ አቆምኩት። ቦዩንም በአፈር ሞልቼ ጠቀጠቅኩና ተዳፋቱን ወደ ውጭ አዞርኩት። ቆርቆሮው አልተነካም።